የእንጦጦ ነሐስ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ ሽሮ ሜዳን እንዳለፈ ዳገቱ ይጀምርበታል። የሀገር ልብስ የተሰቀለባቸው ሱቆች እየሳሱ ይሄዱና በምትካቸው ባሕር ዛፍ ግራና ቀኙን ይይዛል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የቅጠሉ ሽታ ይጠነክራል። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በየመታጠፊያው ቆም ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ከቁመታቸው የሚረዝም የእንጨትና የቅጠል ሸክም በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው በአጠገቡ ይወርዳሉ። ከአናቱ ሲደረስ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ታልፏል፤ አዲስ አበባም ከእግር በታች እንደ ስጋጃ ተዘርግታ ትታያለች።

እንጦጦን ብዙው ሰው የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያኖቹና በጸበሉ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም እንደ ነበር ሁሉም ይናገራል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በተራራው ላይ የተከፈተው መናፈሻ የከተማውን ሕዝብ በሰንበት ይስባል። የጦር ሰፈር ሰው ግን ይህን ተራራ በሌላም ዓይን ሊያየው ይገባል። አንድ ዕቃ በልዩ ልዩ ዘመን ሁለት ጊዜ ወደዚህ ከፍታ ወጥቷልና፤ እርሱም የጥይት ነሐስ ነው። መጀመሪያ የወጣው ከነባሩዱና ከነእርሳሱ ለውጊያ ነበር። በኋላ የወጣው ባዶውን፣ ተተኩሶ የቀረው ቀለሃ ሆኖ፣ ለእንጀራ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ደግሞ ለእኛ ለመሣሪያ ያዦችና ለቤተሰቦቻችን የሚጠቅም ትልቅ ትምህርት አለ።

ከታጁራ እስከ እንጦጦ

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ሰፈራቸውን ወደ እንጦጦ ያወጡት ለጥበቃ ስለሚመች ነው። ከዚህ ከፍታ ላይ የሚመጣው ጠላት በሩቁ ይታያል። ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ግን ሰፈርተኛውን አስመረረውና በ1879 ዓ.ም. ዝቅ ብሎ በፍል ውኃው አካባቢ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ በወጣትነቱ ባለቅኔ የነበረውና ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ሰው፣ ወደ ሁለት ሺህ የሚሆን ጠመንጃና ብዙ ጥይት ይዞ ለንጉሡ ሊሸጥ ወደ እንጦጦ ደረሰ። ቅፍለቱ ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ለመግባት አራት ወር ያህል ፈጅቶበታል። ንጉሡም ዋጋውን በእጅጉ አስቀንሰው ስለ ገዙት ነጋዴው እየተማረረ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን ስለ ነጋዴው ምሬት አይደለም። አንዲት ጥይት እንጦጦ ለመድረስ ስንት ግመል፣ ስንት የውኃ አቁማዳ፣ ስንት የሌሊት ጉዞ እንደ ጠየቀች ለማስታወስ ነው። የዚያ ዘመን ተኳሽ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት፣ በእኛ አፍ ወጅግራ የተባለው ጠመንጃ፣ ጥይቱ ጣት የሚያህል ወፍራም ነሐስ ነበረው። ጥይቱ ራሱ ከአሞሌ ጨውና ከጠገራ ብር ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። በዝናሩ ያለውን ጥይት የሚቆጥር ሰው፣ በአንድ ጊዜ ጥይቱንም ሀብቱንም ይቆጥር ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ከተኮሰ በኋላ ባዶውን ቀለሃ በሣር ውስጥ ጥሎ አይሄድም። ለቅሞ ወደ ቤቱ ይወስደውና በአገር ውስጥ በተቀመመ ባሩድና በቀለጠ እርሳስ መልሶ ይሞላዋል። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ ከብዙ አገር የተሰበሰበ፣ መጠኑም ልዩ ልዩ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ለጠመንጃው የሚስማማ ቀለሃ ያጣ ሰው በእጁ የቀረው ዱላ ብቻ ነው።

የነሐሱ ጠባይ

ቀለሃ ዳግም ይሞላ ዘንድ በመጀመሪያ መጽዳት አለበት። ለምን እንደሚጸዳ ለማወቅ ደግሞ የነሐሱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የጥይት ነሐስ ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። ይህ ቅልቅል የተመረጠው ስለሚያምር አይደለም። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሃው በቅጽበት ይሰፋና የጠመንጃውን ቤት ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይህ ነው። ወዲያውም መልሶ ስለሚሸበሸብ ከቤቱ በቀላሉ ይወጣል። በዘመናችን ጠመንጃ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ3,000 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት ከዓይናችንና ከጉንጫችን አጠገብ የሚይዘው ያ ስስ የነሐስ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የቀለሃ ጤንነት የውበት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የተኳሹ የዓይንና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ነሐስ በአየርና በእርጥበት ሲቆይ ወርቃማ መልኩን ያጣል። መጀመሪያ ይወይባል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ በመጨረሻም ይጠቁራል። ይህ መጥቆር ብዙ ጊዜ በላዩ ላይ ብቻ ያለ ስስ ልባስ ነው፤ እንዲያውም ከሥሩ ያለውን ብረት ከተጨማሪ መበላት ይጠብቀዋል። አረንጓዴው ዝገት ግን ሌላ ነው። እርሱ ጨውና አሲድ እርጥበት አግኝተው ነሐሱን እየበሉት መሆኑን ያመለክታል።

በአያቶቻችን ዘመን የነበረው ጥቁር ባሩድ በዚህ ረገድ ጠንቀኛ ነበር። ከተኩስ በኋላ በቀለሃው ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት ከአየሩ እርጥበት ስቦ ያረጥባል፤ በውስጡም የድኝ ቅሪት ስላለበት ነሐሱን ቶሎ ያጠቁረዋል፣ ይበላዋልም። ስለዚህ በጥቁር ባሩድ የተተኮሰ ቀለሃ ሳይውል ሳያድር ሳሙና ባለበት ውኃ መነከር ነበረበት። ጭስ አልባው ባሩድ ከመጣ ወዲህ ይህ ችግር ቢቀልም፣ በቀድሞ ጊዜ በመለኮሻው ውስጥ ይገባ የነበረው ሜርኩሪ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሜርኩሪው ወደ ነሐሱ ሰርጎ ስለሚገባ ቀለሃው ከላይ ጤነኛ መስሎ ሳለ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባሪ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቀለሃ የቱንም ያህል ቢያጸዱት መልሶ ለመሙላት አይበጅም።

የፈረስ ጋጣው ምስጢር

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተመዘገቡት ታሪኮች ሁሉ ለጦር ሰፈር ሰው ይበልጥ የሚያስተምረው በሕንድ የደረሰው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር የነበረው የብሪታንያ ጦር በከባዱ የዝናም ወራት ዘመቻ ስለማያደርግ ጥይቱን በፈረስ ጋጣ ያስቀምጥ ነበር። ዝናሙ አባርቶ ጥይቱ ሲወጣ ማንም ሳይነካው ብዙው ቀለሃ ተሰንጥቆ ይገኛል። አልተተኮሰም፣ አልወደቀም፣ አልተመታም። ነገሩ የሚደርሰው በዚያ ወቅት ስለ ነበር የወቅት መሰንጠቅ የሚል ስም ተሰጠው፤ ምክንያቱ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ።

ምስጢሩን እ.ኤ.አ. በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ገለጹት። ጥፋተኛው ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ ነበር። ቀለሃ በፋብሪካ ሲሠራ ነሐሱ ደጋግሞ ስለሚሳብ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ይቀራል። አሞኒያው ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ መዳቡን ያሟሟል፤ ውጥረቱ ደግሞ የላላውን ቦታ ይዞ ይሰነጥቀዋል። መድኃኒቱም በፋብሪካው ነሐሱን በመጠነኛ ሙቀት አሙቆ ውጥረቱን ማላላት ሆነ። በዛሬ ጥይት አንገት ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው ሰማያዊና ቡናማ ጥላ የዚሁ ማሞቂያ ምልክት እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ተወልውሎ እንዲጠፋ መድከም ከንቱ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ጥይትም ሆነ ባዶ ቀለሃ በከብት ጋጣ፣ በበቅሎ ማሰሪያ፣ በመጸዳጃ ቤት አጠገብ አይቀመጥም። አሞኒያ ያለበት የነሐስ መወልወያም፣ የልብስ ቁልፍንና የቀበቶ መቆለፊያን እንደ መስተዋት ቢያበራም፣ ለቀለሃ አይውልም። ለአንዱ ነሐስ መልካም የሆነው ለሌላው መርዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እንዴት ይጸዳል?

ጥይት መሙላት ፈቃድና መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሥራ እንጂ በየቤቱ የሚሠራ አይደለም። የማጽዳቱን ሥርዓት ማወቅ ግን ለሁሉም ይጠቅማል፤ ነሐስን ሳይጎዱ የማንጻት ጥበብ ነውና።

የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። ያልተተኮሰ ጥይት ወይም መለኮሻው ተመትቶ ሳይነሣ የቀረ ጥይት በባዶዎቹ መካከል አለመኖሩ አንድ በአንድ በዓይን ይረጋገጣል፤ ከተገኘም ለመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ይነገራል እንጂ አይታጠብም፣ አይወለወልም። ቀጥሎ ማግኔት ይቀርባል። ከክላሺንኮቭ ጥይት ብዙው ቀለሃ ብረት ሲሆን በላዩ ቫርኒሽ ወይም ስስ መዳብ የተቀባ ነው፤ ነሐስ መስሎ ዓይንን ያታልላል። ማግኔት ከያዘው ነሐስ አይደለም። እርሱን በአሲድ መንከር የተቀባውን ልባስ አንሥቶ ለዝገት አሳልፎ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማጠብ ነው። ሞቅ ባለ ውኃና ሳሙና፣ ሳሙና በሌለበትም እናቶቻችን ነጠላ በሚያጥቡበት እንዶድ፣ ጥላሸቱና አፈሩ ይለቃል። አፈር ያልለቀቀው ቀለሃ ቢወለወል አፈሩ እንደ ሞረድ ሆኖ ይፍቀዋል። ስለዚህ በአሸዋ ወይም በብረት ሽቦ መፈተግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ያበራል፣ ነገር ግን ግድግዳውን ያሳሳል።

ሦስተኛው ሥራ ጥቁረቱን ማንሣት ነው። ለዚህ የሎሚ ጭማቂ በብዙ ውኃ ተበርዞ ይበቃል። ቀለሃው ከ10 ደቂቃ ያህል በላይ አይነከርም። እዚህ ላይ ችኩልና ሰነፍ እኩል ያጠፋሉ፤ ችኩሉ አሲዱን ያጠነክራል፣ ሰነፉ ነክሮ ይረሳል። በሁለቱም በኩል አሲዱ ከነሐሱ ውስጥ ዚንኩን እየመረጠ ይወስድና መዳቡን ብቻ ያስቀራል። ያን ጊዜ ቀለሃው እንደ ሮማን ፍሬ ቀላ ያለ መልክ ያወጣል። የቤት ዕቃ ሲጸዳ ከሎሚው ጋር የሚጨመረው ጨው ለቀለሃ ባይገባ ይመረጣል፤ በስንጥቅና በጥግ ተደብቆ ከቀረ አረንጓዴውን ዝገት መልሶ ይጠራልና።

አራተኛው ሥራ ማለቅለቅና ማድረቅ ነው። ቀለሃው በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ በመካከሉ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውኃ ቢያልፍበት የቀረውን አሲድ ይገድለዋል። ከዚያም በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በፀሐይ ይደርቃል። ቶሎ ይድረቅ ብሎ በምጣድ ወይም በፍም ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው። የቀለሃው መቀመጫ ጠንካራ ሆኖ የተሠራው ትልቁን ግፊት የሚሸከመው እርሱ ስለ ሆነ ነው፤ እሳት ካለሰለሰው በኋላ ያን ግፊት አይችልም። በዓይን ግን ከሌላው አይለይም። ከደረቀ በኋላ የመጨረሻውን ውበት መስጠት የሚፈልግ ባለሙያ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ያንከባልለዋል። ቆረቆንዳው ሳይፍቅ ስለሚወለውል በዓለም ዙሪያ ለዚህ ሥራ ይፈለጋል።

የሚያበራና ጤነኛ የሆነ

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምርመራ ነው፤ የማጽዳቱም ዋና ዓላማ ይኸው ነው። ቆሻሻ ስንጥቅን ይሸፍናል። ጽዳት ስንጥቅን ይገልጣል። በአንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ካለች ቀለሃው ይጣላል። ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚዞር ብሩህ ቀለበት ከታየ ነሐሱ በዚያ ቦታ ተስቦ መሳሳቱን ይጠቁማል። ባለሙያው ጫፉን ያጠፈውን ቀጭን ሽቦ በአፉ አስገብቶ የውስጡን ግድግዳ ይዳስሳል፤ ሽቦው በቦይ ውስጥ እንደ ገባ ከተያዘ ያ ቀለሃ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊበጠስ ይችላል። ቀላ ያለ ነቁጥ ያለበት፣ አረንጓዴው ዝገት ጉድጓድ የቆፈረበትም እንዲሁ ይጣላል።

በአንጻሩ ቡናማ ወይም ጠየም ያለ፣ ሆኖም ለስላሳና ያልተሰነጠቀ ቀለሃ ምንም ነውር የለበትም። ስለዚህ ሁለት ቀለሃ በአንድ መዳፍ ላይ ቢቀመጡ፣ አንዱ እንደ ወርቅ የሚያበራ፣ ሌላው የጠየመ፣ የሚያበራው አስቀድሞ የሚጣል ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው በመልኩ ይመርጣል። የሚያውቅ ሰው በአንገቱ፣ በወገቡና በውስጡ ይመርጣል። በሰው ምልመላም ቢሆን ይህ ምክር የሚጠቅምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለጠመንጃ የማይሆነው ወዴት ይሄዳል?

እንግዲህ ለጠመንጃ የማይሆነው ቀለሃ ሁለተኛ ዕድል የሚያገኝበት ስፍራ ያው እንጦጦ ነው። ወደ ተራራው ጸበል ፈውስ ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ የወጡ፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ እናቶች በዚያው ቀርተው ኖረዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ እንጨት ተሸክመው በመሸጥ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ቆይተዋል። ከጊዜ በኋላ የጌጣጌጥ ሥራ በመካከላቸው ተቋቋመ። ከቀድሞ ጦር ሜዳዎች በገበሬዎች የተለቀመ ቀለሃ ይገዛል፤ ይቀልጣል፤ ዶቃ ይሆናል። ዶቃው በክር ተሰክቶ የአንገትና የእጅ ጌጥ ሆኖ እስከ አሜሪካ ድረስ ተሽጧል። በናይሮቢ በኪቤራ ሰፈርም እንዲሁ ከአሮጌ ቁልፍና ከውኃ ቧንቧ ነሐስ ጌጥ የሚያወጡ የእጅ ባለሙያዎች አሉ።

በዚህ ሥራ የቀለሃው መሰንጠቅ ጉዳት የለውም፤ መቅለጫው ስንጡቁንም ጤነኛውንም በአንድነት ይቀበላል። የጥይት ነሐስ ከ900 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ እዚያው አካባቢ ዚንኩ መፍላት ይጀምርና ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህን ጭስ የተነፈሰ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል። ስለዚህ ማቅለጫው በአየር መውጫ ስፍራ፣ ሠራተኛውም ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ሊቆም ይገባል። ቀልጦ የቀዘቀዘው ነሐስ ደግሞ ሞረድ ይፈልጋል፤ ሞረዱን ትዕግሥት ይከተላል። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሁሉም አንድ ዓይነት የነበረው ነሐስ በእጅ ሲሠራ እያንዳንዱ ዶቃ የራሱን መልክ ይይዛል።

እዚህ ላይ ግን ወደ እኛ የሚመለስ አንድ ከባድ ነገር አለ። የቀለሃ ምርጫ ጉድለት በጠመንጃ ላይ የሚጎዳው ተኳሹን ነው። በማቅለጫ ላይ የሚጎዳው ግን ቀለሃውን ያልተኮሰችውን ሴት ነው። ከአንድ ጆንያ ባዶ ቀለሃ መካከል አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት ብትቀላቀል፣ ወይም አንድ መለኮሻ ሳይነሣ ቢቀር፣ እሳቱ ያገኘዋል። መቅለጫው ይፈነዳል፤ የቀለጠ ነሐስ ይረጫል። ያቺን ጥይት በሜዳ ላይ ጥሎ የሄደው ሰው በዚያ ሰዓት ሩቅ ነው፤ ስሟንም አያውቅም።

ለቤተሰብ

ይህ ጽሑፍ በጦር ሰፈር ለሚኖሩ እናቶችና ልጆች ጭምር ስለ ሆነ ጥቂት ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል።

ቀለሃ ለልጅ መጫወቻ አይሆንም። በአፉ ሲነፉት እንደ ፉጨት ስለሚጮህ ልጆች ይወዱታል። ነገር ግን በመለኮሻው ቅሪት ውስጥ እርሳስ አለ። እርሳስ በሕፃን ሰውነት ሲገባ አእምሮውን ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ስለዚህ ከተኩስ ሜዳ የተመለሰ አባት ልጁን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የተኩስ ልብሱም ከሕፃናት ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። የነሐስ ቀለሃ የታጠበበት ሳህንና የተነከረበት ጎድጓዳ ዕቃ ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።

በብዙ ወታደር ቤት የመድፍ ቀለሃ ተወልውሎ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ይታያል። ለአበባ መልካም ነው። ለጠጅ፣ ለጠላ ወይም ለሎሚ ውኃ ግን አይውልም፤ ኮምጣጣ መጠጥ ከነሐሱ መዳብን እየሟሟ ሆድን ያውካል። ለማጽዳት የሚፈልግ ሰው ግማሽ ሎሚ ላይ ጥቂት ጨው ነስንሶ ላዩን ያሽ፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ያለቅልቅ፤ በለስላሳ ጨርቅ ያድርቅ። የተነፋ አመድ በእርጥብ ጨርቅ ይዞ መወልወልም የቆየ የአገር ጥበብ ነው፤ አመዱ ግን ጠጠር እንዳይኖርበት በወንፊት ይለፍ። የመቅረዝና የነሐስ ሙቀጫ አያያዝም ይኸው ነው፤ ሙቀጫው የምግብ ዕቃ ስለ ሆነ ከጽዳት በኋላ ደጋግሞ በሙቅ ውኃ መታጠቡን አለመርሳት ነው። የጠየመው የነሐስ ዕቃ ሁሉ ማብራት አለበት የሚል ሕግም የለም። በአያት እጅ የጠየመ መቅረዝ ጥየማው ዕድሜውን ይናገራል፤ አረንጓዴ ዝገት እስካልያዘው ድረስ ቢተውም ክብሩ አይቀንስም።

ልጆች በሜዳ ጥይት ወይም ማንኛውም የማያውቁት የብረት ዕቃ ካገኙ እንዳይነኩት፣ ድንጋይ እንዳይመቱበት፣ ቦታውን አስታውሰው ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ደጋግሞ መንገር የወላጅ ግዴታ ነው። ሲናገሩም አይቆጧቸው። የተቆጡት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል።

በብዙ አገር ሠራዊት ዘንድ ከተኩስ ልምምድ በኋላ ቀለሃ ተለቅሞ፣ ተቆጥሮ፣ ከወጣው ጥይት ጋር ተመሳክሮ ይመለሳል። ወጣት ወታደር ይህን የቁጥር ጣጣ አድርጎ ያየዋል፤ ፀሐይ በርትታ፣ ሆድ ተርቦ ሣር ለሣር ጎንበስ ማለት ማንንም አያስደስትም። ነገር ግን ቆጠራው የሚጠብቀው የመንግሥትን ነሐስ ብቻ አይደለም። ጎድላ የተገኘችው አንዲት ቀለሃ ባዶ ከሆነች የጠፋው ጥቂት ሳንቲም ነው። ባዶ ካልሆነች ግን ከብት የሚጠብቅ ሕፃን እጅ፣ ወይም የአንዲት እናት ማቅለጫ ውስጥ ልትገባ የምትችል ጥይት ናት። ስለዚህ የተኩስ ሜዳውን ለቆ የሚወጣ ወታደር ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ሣሩን አንድ ጊዜ ደግሞ ይመልከት። ከእርሱ በኋላ በዚያ የሚያልፍ ሰው አለና።